አራት መቶ ሰው ከአንድ ጣራ ሥር

(ሀሮ ዲማ፣ በሸንኮራ አገዳ እርሻ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ፤ ምድር መንቀጥቀጥ ከጀመረ አምስተኛ ሳምንቱ። ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሰው በሞላበት የጸሎት አዳራሽ በር ላይ ወንጌላዊ ላምቢሶና የሴቶች ጸሎት መሪዋ እማማ ዳመነች ይነጋገራሉ።)

ዳመነች፦ አሁኑኑ አስወጣቸው ነው የምልህ።

ላምቢሶ፦ እማማ፣ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ይሰማሉ።

ዳመነች፦ ይስሙ። እነሱን ብዬ ነው የመጣሁት፤ አንተ ነህ መንገድ ላይ የቆምክብኝ።

ላምቢሶ፦ ጾም ጸሎቱ እሁድ ያልቃል። የቀረው ሁለት ቀን ነው። ሁለት ቀን ይታገሡኝ።

ዳመነች፦ እኔ እታገሥሃለሁ። ግድግዳው ይታገሥህ እንደሆነ እሱን ጠይቀው።

ላምቢሶ፦ ግድግዳው ሠላሳ ዓመት ቆሟል።

ዳመነች፦ ሠላሳ ዓመት የቆመው መሬቱ ስለቆመለት ነዋ። ሄራንሞን አምጥቼ አሳይቼዋለሁ።

ላምቢሶ፦ የትኛውን ሄራንሞ?

ዳመነች፦ ግንበኛውን። ይህን ቤት በእጁ የገነባውን። ዛሬ ጠዋት ለምኜ አመጣሁትና በውጭ በኩል ዞሮ አየው። ባለፈው ሳምንት ክብሪት የማያስገባው ስንጥቅ ዛሬ መዳፉን ዋጠው። ያኔ ሲሚንቶ ጠፍቶ ስለነበረ ድንጋዩን በጭቃ ነው ያያያዝነው፣ ላዩን ብቻ ነው የለሰንነው አለኝ። እንግዲያው ግባና ለወንጌላዊው ንገረው ስለው፣ እዚያ ውስጥ እግሬን አላስገባም ብሎኝ ሄደ። የሠራው ሰው ያልገባበት ቤት ነው አራት መቶ ሰው ያጎርክበት።

ላምቢሶ፦ ሄራንሞ ድሮም ፈሪ ነው። ፈሪ ለእናቱ ነው።

ዳመነች፦ ለእናቱ የሚተርፍ ሰው መናቅ ከመቼ ጀመርክ? እዚያ ውስጥ ስንት እናት ያለች ይመስልሃል?

ላምቢሶ፦ እየናቅሁ አይደለም። ግን ባለሙያ ነኝ ያለውን ሁሉ ብንሰማ የት እንደርሳለን? መንቀጥቀጡን ሊያጠኑ ከአዲስ አበባ የመጡት ሰዎች መሣሪያቸውን መሬት ላይ ተክለው ሲያበቁ፣ ነገ ምን እንደሚሆን አይታወቅም አሉ። እሱንማ እኛም እናውቀዋለን።

ዳመነች፦ እሱን ብቻ አላሉም። ከድንጋይ ቤት ውጡም ብለዋል። የማትፈልጋትን ግማሽ ዋጥካት።

ላምቢሶ፦ እማማ፣ ከሰው ሁሉ እርስዎ ሊረዱኝ ይገባል። አሥራ አንድ ዓመት በዚህች ከተማ ወንጌል ሰበክሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ድምፅ ማጉያዬን ተሸክሜ ገበያ ስቆም ሽንኩርት ሻጮቹ ዞር በል፣ ደንበኛ ጋረድክብን ይሉኝ ነበር። መናኸሪያ ስሄድ ደላሎቹ የገነት መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው እያሉ ይሣለቁብኝ ነበር። እሁድ የሚመጣው ሠላሳ ሰው፤ ከሠላሳው አሥሩ ያንቀላፋል።

ዳመነች፦ ከአሥሩ አንዷ እኔ ነበርኩ። ስብከትህ ይረዝማል።

ላምቢሶ፦ ከዚያ ምድር ተንቀጠቀጠች። የኳስ ሜዳው ጥግ እንደ ልብስ ተተረተረ፣ ከአገዳው መሐል እንፋሎት ወጣ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። በሳምንቱ ሰማንያ ሰው መጣ። እነዚያው ደላሎች መጡ። የመሸታ ቤቷ ምንታምር መጣች፤ በደጇ ባለፍኩ ቁጥር ሙዚቃውን ከፍ ታደርግብኝ የነበረችው። ቤቷን ቆልፋ መጥታ ወለሉ ላይ ተንበርክካ እንደ ልጅ አለቀሰች። ይህን ሁሉ ሰው ማን አመጣው?

ዳመነች፦ ፍርሃት።

ላምቢሶ፦ እግዚአብሔር በፍርሃትም ይጠራል።

ዳመነች፦ ይጠራል። የጠራውን ግን ከሚፈርስ ግድግዳ ሥር አስቀምጦ አይዘጋበትም። ደግሞ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መሬቷ ዝም ባለች ማግስት ስንቱ እንደሚቀር እናያለን።

ላምቢሶ፦ በር አልዘጋሁም። ይኸው ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ዳመነች፦ በእንጨቱ አልዘጋህም፤ በቃልህ ዘጋኸው። አያንቱን ታውቃታለህ?

ላምቢሶ፦ መናኸሪያ ሻይ የምታፈላዋን?

ዳመነች፦ እሷን። ከወለደች አሥራ አንድ ቀኗ ነው። ሕፃኑን ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጠዋል፤ ዓይኑ ጎድጉዷል። ጤና ጣቢያው ወደ ድንኳን ወጥቷል፣ ነርሷ አለች፣ ተነሽ ልውሰድሽ አልኳት። ምን ብላ እንደጠየቀችኝ ታውቃለህ? ከደጁ ከወጣሁ ቃሉ ይፈርስብኛል ወይ አለችኝ። ለመጸዳዳት ስትወጣ እንኳ ልጁን አጠገቧ ላለችው ሰጥታ ነው፤ እሱ ጣራው ሥር እንዲቆይላት።

ላምቢሶ፦ እኔ ሕክምና አትሂዱ አላልኩም።

ዳመነች፦ ታዲያ ምንድን ነው ያልከው? ረቡዕ ዕለት እግሬ አብጦ ቤት ተኝቼ ነበር። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ የየራሱን ነው የሚነግረኝ። ከአንተ አፍ ልስማው።

ላምቢሶ፦ በዚህ ጣራ ሥር ካለ ሰው አንዲት ጠጉር አትነካም አልኩ።

ዳመነች፦ ማን ነገረህ?

ላምቢሶ፦ እንዴት ማን ነገረህ ይሉኛል?

ዳመነች፦ እጠይቃለሁ እንጂ። በሕልም ነው? በራእይ ነው? ጌታ ተናግሮህ ከሆነ እኔም ገብቼ ከስንጥቁ ሥር ምንጣፌን አነጥፋለሁ። አንድም ነገር አልጨምርብህም።

ላምቢሶ፦ ስብከት መሐል ላይ ነበርኩ። ከሥር ጉርምርም አለ። ሕዝቡ ተነሥቶ ወደ በሩ ሊገፋ ሆነ። ከፊት ሕፃናት ተቀምጠው ነበር፤ ሊረጋገጡ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ያኔ ነው ቃሉ ከአፌ የወጣው። ተቀመጡ፣ በዚህ ጣራ ሥር ካለ ሰው አንዲት ጠጉር አትነካም አልኩ። ተቀመጡ። መንቀጥቀጡም ቆመ። ከዚያ አሜን አሉ፤ እማማ፣ እንዲያ ያለ አሜን በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። በማግስቱ እጥፍ ሆነው መጡ። ፍራሽ ተሸክመው፣ ድስት ይዘው፣ ሽማግሌ አዝለው፤ ያቺን ቃል ድገምልን አሉኝ።

ዳመነች፦ ደገምክላቸው?

ላምቢሶ፦ እስከ ዛሬ ጠዋት አራት ጊዜ።

ዳመነች፦ ከአፍ የወጣ ቃል ከእጅ የወደቀ እንቁላል ነው። የመጀመሪያዋን ለሕፃናቱ ስትል ነው ያልካት፤ አልፈርድብህም፣ እኔም ብሆን ልላት እችል ነበር። የደገምካቸው አራቱስ ለማን ነበሩ?

ላምቢሶ፦ ሰው ተስፋ ፈልጎ መጥቶ ባዶ እጁን ልመልሰው?

ዳመነች፦ ቆይ እዚህ ደረጃ ላይ ልቀመጥ፤ እግሬ አልቻለም። እኔ እንዴት እንዳመንኩ ነግሬህ አውቃለሁ?

ላምቢሶ፦ በደርግ ጊዜ መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው።

ዳመነች፦ በደርግ ጊዜ ነው። እኔና ባለቤቴ ከከምባታ መጥተን እዚሁ አገዳ እንቆርጥ ነበር። የመጀመሪያ ልጄን ወባ ወሰደብኝ። ዓመት ሳይሞላ ሁለተኛውንም ያዘው። ጉባኤ የተከለከለበት ዘመን ነው፤ ሦስት ሰው ቆሞ ሲያወራ ከታየ ይወሰዳል፣ የተወሰደውን ማንም አይጠይቅም። ጋሽ ሀንዲሶ የሚባል አገዳ በጋሪ የሚያመላልስ ሰው ነበረ። በቅሎዎቹን የሚቆጣ እየመሰለ ስለ ኢየሱስ ይነግረን ነበር። ካድሬው አጠገቡ ቆሞ እየሰማ በቅሎ ነው የሚሰድበው ብሎ ያልፋል።

ላምቢሶ፦ ይህን አልነገሩኝም።

ዳመነች፦ አንድ ቀን ጋሪውን አስቆምኩና፣ ይህ ልጄ ከተረፈልኝ በጌታህ አምናለሁ፣ ይተርፍልኛል ወይ አልኩት። አዎ ቢለኝ እዚያው አፈሩ ላይ እወድቅለት ነበር። አንድ ነፍስ በእጁ ነበረች።

ላምቢሶ፦ ምን አለዎት?

ዳመነች፦ «አላውቅም ልጄ» አለኝ። «ቢተርፍም ባይተርፍም ግን ብቻሽን አትሆኚም።» ተናድጄ ጥዬው ሄድኩ። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ላምቢሶ፦ ጌታ ያጽናናዎት።

ዳመነች፦ ያኔ ሰው ለቀብር መሰብሰብ እንኳ ይፈራ ነበር። ሀንዲሶ መጣ። ጉድጓዱን እሱ ቆፈረ። ከዚያ ስምንት ቀን ከሥራ በወጣ ቁጥር እየመጣ ከባለቤቴ ጎን ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንድም ቃል አልሰበከንም። በዘጠነኛው ቀን ጌታህ ማነው ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ይተርፋል ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ላምቢሶ፣ ልጄን ስቀብር ጌታውንም አብሬ እቀብረው ነበር።

ላምቢሶ፦ እማማ፣ ዝም ይበሉ። ተሰማዎት?

ዳመነች፦ ከእግሬ ነው የጀመረው። ያዘኝ።

ላምቢሶ፦ ይዤዎታለሁ። ቆርቆሮው ነው የሚንቀጫቀጨው። ያልፋል። አሁን ያልፋል።

ዳመነች፦ አላለፈም። ምሰሶውን እየው። … አሁን ቆመ። ስማ እስቲ፤ ማንም አልጮኸም።

ላምቢሶ፦ እየዘመሩ ነው።

ዳመነች፦ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መሬቷ ስትንቀጠቀጥ ዶሮ እንኳ ከቤት ይወጣ ነበር። አሁን ወደ በሩ ዞሮ ያየ አንድ ሰው የለም። ከግድግዳው የወረደባቸውን አቧራ ከራሳቸው ላይ አራግፈው ይዘምራሉ። ሰው ሲፈራ ቢያንስ ይሮጣል። አንተ እግራቸውን ነው የወሰድክባቸው።

ላምቢሶ፦ እና አሁን ገብቼ ምን ልበል? ትናንት አትነኩም ያልኳችሁ ዛሬ ትነካላችሁ ልበል? ምንታምር ከአሁን በኋላ ሰው ታምናለች? እነዚያ ደላሎች መናኸሪያ ቆመው ምን እንደሚሉ አሁን በጆሮዬ ይሰማኛል። በእኔ ብቻ መሰለዎት የሚስቁት? በወንጌሉ ነው የሚስቁት። አሥራ አንድ ዓመት የለፋሁበት በአንድ ቀን ገደል ይገባል። እሁድ ያ ሠላሳው ሰው እንኳ አይቀርልኝም።

ዳመነች፦ ቢስቁ ምን አለበት? የሳቀ ሰው በሕይወት አለ ማለት ነው። በሕይወት ያለ ሰው ሌላ እሁድ አለው። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታየው እንዳይሆንብህ። የሰው ብዛት ነው ያሳወረህ።

ላምቢሶ፦ ብዛት አይደለም።

ዳመነች፦ እሺ አይደለም። አንተ መናገሩ ከከበደህ ሚስትህን ታሪኳን ጥራልኝ። ሴቶቹ ከእኔ ይልቅ እሷን ይሰሟታል። አያንቱንም እሷ ታግባባልኝ። ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ በዓይኔ ፈልጌ አጣኋት፤ በየት በኩል ነው የተቀመጠችው?

ላምቢሶ፦ ታሪኳ የለችም።

ዳመነች፦ ቤት ናት?

ላምቢሶ፦ አይደለችም።

ዳመነች፦ የት ናት ታዲያ?

ላምቢሶ፦ አዳማ። እህቷ ዘንድ።

ዳመነች፦ ልጆቹስ?

ላምቢሶ፦ ከእሷ ጋር ናቸው።

ዳመነች፦ መቼ ሄዱ?

ላምቢሶ፦ ረቡዕ።

ዳመነች፦ ረቡዕ ስንት ሰዓት?

ላምቢሶ፦ ጠዋት፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ።

ዳመነች፦ ያን ቃል የተናገርከው ከሰዓት በኋላ ነው አይደል?

ላምቢሶ፦ አዎ።

ዳመነች፦ ሰው ያውቃል?

ላምቢሶ፦ ማንም አያውቅም። ታማ ተኝታለች እያልኩ ነው። ለእሷ ራሱ ሁለት ቀን ዘመድ ጠይቀሽ ትመለሻለሽ ነው ያልኳት፤ ማመኗን እንጃ። አውቶቡሱ ሰው በሰው ላይ ነበር፤ ልጄን ሶስናን በመስኮት ነው ያስገባኋት። ከውስጥ ሆና «አባ፣ አንተስ?» አለችኝ። ሹፌሩ ሞተር አስነሥቶ ስለነበረ ያልሰማሁ መሰልኩ። ይናገሩኝ እማማ። ይሳደቡ።

ዳመነች፦ ምን ልበልህ? ልጆችህን ማውጣትህ ደግ ሠራህ። አባት ነህ። እኔን የቆረቆረኝ መውጣታቸው አይደለም። እዚያ ውስጥ ያለው አባት ሁሉ ልጁን ያመጣው አንተን አይቶ ነው።

ላምቢሶ፦ ሊነግሩብኝ ነው?

ዳመነች፦ አልነግርብህም። እኔ ካወራሁት ሐሜት ነው፤ አንተን ይጠሉሃል እንጂ አይወጡም። አንተ ራስህ ከተናገርከው ምስክርነት ይሆናል።

ላምቢሶ፦ ከዚያ በኋላ በምን ፊቴ ፊታቸው እቆማለሁ?

ዳመነች፦ ፊታቸው አትቆምም። መሐላቸው ትቀመጣለህ፤ ከአገዳው ማዶ ሜዳው ላይ፣ ቀበሌው ድንኳን ከተከለበት። ጸሎት እንደሆነ ከሜዳም ይሰማል። ጋሽ ሀንዲሶ ከበቅሎ ጀርባ ሆኖ ነው ያሰማው።

ላምቢሶ፦ ገብቼ መናገሩን ፈራሁ። እውነቴን ነው።

ዳመነች፦ ደግ ነው። ቢያንስ አሁን እንደ ሰው ፈርተሃል። ድምፅ ማጉያውን ተወው፣ በባዶ አፍህ ተናገር። እኔ እዚሁ ከጎንህ ነኝ።

ላምቢሶ፦ (ወደ አዳራሹ ዞሮ) ወገኖቼ፣ ዝማሬውን ለአፍታ አቁሙልኝ። ከኋላ ያላችሁም ስሙኝ። ባለቤቴ አልታመመችም። እሷና ልጆቼ ከረቡዕ ጠዋት ጀምሮ አዳማ ናቸው። የላክኋቸው እኔ ነኝ፤ ይህን ግድግዳና ይህችን ከተማ ፈርቼ ነው የላክኋቸው። ያን ቃል ለእናንተ የነገርኳችሁ እነሱን ሸኝቼ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ጌታ አልነገረኝም። ከራሴ ነው ያወጣሁት። ይቅር በሉኝ። አሁን እባካችሁ ውጡ።

ዳመነች፦ ማንም አልተነሣም።

ላምቢሶ፦ አላመኑኝም እማማ።

ዳመነች፦ አምነውሃል። ፊታቸውን እየው። የያዙትን ገመድ ቆርጠህባቸው ምን እንደሚጨብጡ ነው ያጡት። ውጡ ብቻ ማለት አይበቃም፤ ባዶ እጃቸውን አትተዋቸው።

ላምቢሶ፦ ወገኖቼ… እኔም ፈርቻለሁ። ልክ እንደ እናንተ። ግን ከእናንተ ተለይቼ የትም አልሄድም። ዛሬ ሜዳ ስታድሩ እኔም ሜዳ አድራለሁ። የታመመ ሕፃን ካለ እኔ ተሸክሜ ነርሷ ዘንድ አደርሳለሁ፤ አያንቱ፣ ከአንቺ ልጅ እጀምራለሁ። የሚያለቅስ ካለ አብሬው አለቅሳለሁ። ጌታን እዚህ ድንጋይ ውስጥ ጥለነው የምንወጣ እንዳይመስላችሁ፤ ከእኛ ጋር ይወጣል። ከእኛ ጋር ሜዳ ያድራል። ከነገርኳችሁ ሁሉ የማምነው ይህችን ነው። ሕፃን የያዛችሁ ቅደሙ። በግድግዳው በኩል አትሂዱ። አትጋፉ፣ ቀስ በሉ። (ወደ ዳመነች ዞሮ) እማማ፣ መሬቷ እንደገና ጀመረች። ከሥሬ ይሰማኛል።

ዳመነች፦ ሰምቻታለሁ። ከበሩ ላይ ዞር በል ላምቢሶ፤ እየወጡ ነው።